ፈርታለች፣ ጌታዬ

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ መንገዱን አታገኙትም፤ ብታገኙት ደግሞ ደርሳችሁ ትመለሱና «ይሄማ የኛው ሰፈር ነው!» ብላችሁ ትጣሉኛላችሁ። ስለዚህ ከብዙ ወንዝ ወዲያ ነው እንበልና እንለፈው።

በዚያ አገር ውሃ የንጉሥ ነው። ምንጩም፣ ወንዙም፣ ከጣራ የሚወርደው ጠፈጠፍም። ድሮ እንዲህ አልነበረም ይባላል፤ ነገር ግን «ድሮ» ሲል የተሰማ ሰው ስለሚቀጣ በደንብ የሚያስታውስ የለም። ንጉሡ ውሃውን ለሕዝቡ አይከለክልም፤ ደግ ነው። ይጫወትበታል እንጂ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ ሸለቆ አንድ ሰው መርጦ ወደ ቤተ መንግሥት ይልካል። የተላከው ሰው ከዙፋኑ ጋር ካርታ ይጫወታል፤ ባሸነፈው ልክ ሸለቆው በበጋ ያጠጣል። ተበልቶ የተመለሰ እንደሆነ «ማን ተቀመጥ አለህ? በፈቃድህ ተቀምጠህ በፈቃድህ ተበላህ» ይባላል። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ነውና ሰውም ይህን ሰምቶ ወደ ደረቀ ማሳው ይመለሳል።

ጨዋታው ራሱ ከባድ አይደለም። ለያንዳንዱ ተጫዋች አውሬ የተሳለባቸው አምስት የቁርበት ካርታዎች ይታደላሉ። አንድ ዓይነት አውሬ የበዛለት ይበልጣል፤ አንበሳ ከሁሉም በላይ ነው፣ አይጥ ከሁሉም በታች። ሁለቱም በመጀመሪያ ከሚሰጣቸው የወንዝ ጠጠር በመካከል ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ጠጠር የአንድ ቀን ውሃ ነው። ካርታው የከዳው «ጣልኩ» ብሎ ያስቀመጣትን ትቶ ይወጣል። የተማመነ «ጨመርኩ» ይላል። ያኔ ሌላው ወይ ይጥላል፣ ወይ እኩል አስቀምጦ «ይገለጥ» ይላል። ደግሞም የጣለ አይጠይቅም፤ ጥሎ የወጣ ሰው ያኛው ምን ይዞ እንደነበር ለማየት መብት የለውም፤ ንጉሥም ቢሆን።

ነገሩ የሚበላሸው አቀማመጡ ላይ ነው። ለዙፋኑ የሚጫወተው ሰው፣ አንዳንዴም ንጉሡ ራሱ፣ ከወፍራም መጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል። እጁ እንኳ በጓንት ነው የሚወጣው። ባላገሩ ግን ጥምጥሙን ወይም ሻሹን አውልቆ፣ የመስኮቱ ፀሐይ ግንባሩ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይቀመጣል። ከኋላው ትንፋሽ ቆጣሪ አለ። በቀኙ ላብ ተመልካች አለ። ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ የሚያይ፣ ወገቡ የጎበጠ አንድ ሹም ተጋድሞ ይውላል። የሁሉም አለቃ ሊቀ ፊት ይባላል። ሦስቱ የታዘቡትን በጆሮው ያንሾካሹኩለታል፤ እሱም የባላገሩን ፊት አተኩሮ ያይና ወደ መጋረጃው ዞሮ የመጨረሻውን ቃል ይሰጣል። በዚያ ዘመን ሊቀ ፊት ወንዳፍራሽ የሚባል፣ ጢሙ በደንብ የተበጠረ ሰው ነበር።

እንግዲህ ከታችኛው ሸለቆ፣ በርበሬና ሽንኩርት ከሚበቅልበት፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ሽባባው ለሸለቆው ተመርጦ ሄዶ ሁለት ጥንቸል ይዞ የበጋውን ውሃ ሁሉ አስበልቶ ተመለሰ። በርበሬው ሳይቀላ ደረቀ። አንጓች ጠየቀችው።

«ጥንቸል ይዘህ ለምን አልጣልክም?»

«ወንድ ልጅ የያዘውን ይጥላል? ምን ይሉኛል?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችው። ለሦስት ወር አኮረፋት። እሷ ግን ስንቋን ቋጥራ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄደችና ከታዳሚዎች መደብ ላይ ተቀመጠች። ያን ዓመት አየች፤ የሚቀጥለውንም፤ ከዚያም የሚቀጥለውን። ሌላው ታዳሚ ማን በላ ማን ተበላ እያለ ይጮሃል። አንጓች ግን በሶዋን እየበጠበጠች ሊቀ ፊት ወንዳፍራሽን ነበር የምታየው።

አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ እጁ እየተንቀጠቀጠ ተቀመጠ። ወንዳፍራሽ አየውና «ፈርቷል፣ ጌታዬ» አለ። ከእሱ ቀጥሎ ጠጅ ጠጥቶ የመጣ ጎረምሳ ተቀምጦ ሹማምንቱን እየሰደበ ሳቀ። «ፈርቷል፣ ጌታዬ።» ሌላ ጊዜ አንዱ እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ አንኮራፋም። ትንፋሽ ቆጣሪው ግራ ገብቶት አለቃውን አየ። ወንዳፍራሽ ጢሙን ዳሰሰ።

«ፈርቷል፣ ጌታዬ» አለ።

አንጓች ከጎኗ የነበሩትን አሮጊት ለምን እንደሆነ ጠየቀች። አሮጊቷ ግራ ቀኝ አይተው «አንቺ የት አገር ነው ያደግሽው? በዙፋን ፊት የማይፈራ የለም ተብሎ በሕጉ ተጽፏል። ካሁኑ በፊት የነበረው ሊቀ ፊት አንዱን ‹አልፈራም› ብሎ ተናገረ። ዛሬ የንጉሡን በቅሎዎች ዝንብ ይከላከላል» አሏት። ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ ወንዳፍራሽም ልጆች ነበሩት።

ያን ቀን አንጓች የገባት ነገር የሚያስቅ ነበር፤ አልሳቀችም እንጂ። መጋረጃው ሁሉን የሚያይ ይመስላል፤ የሚሰማው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው። ያኛው ፈርቷል ሲባል ደግሞ ይጨምራል። ሁልጊዜ ይጨምራል! ባላገሩ ደንግጦ ይጥላል ወይም በእልህ በጥንቸል «ይገለጥ» ይላል፤ ይበላል። ማንም ሰው አርፎ ተቀምጦ፣ መጥፎውን እየጣለ፣ ጥሩው እስኪመጣ ጠብቆ አያውቅም።

ወደ ሸለቆው ተመልሳ ለጭቃ ሹሙ ለአባ ደምለው ነገረቻቸው። አባ ደምለው ጨዋታ ሲወዱ የሚታሙ፣ ነገር ግን ውሃ የሚባል ነገር ሲነሳ የማይቀልዱ ሰው ነበሩ።

«ሴት ልኬ ከተበላሁ መሳቂያ መሆኔ ነው» አሏት።

«ወንድ ልከው ሲበሉ ምን ሆኑ አባባ?»

አባ ደምለው ትንሽ አሰቡና «እሱም ልክ ነው። በይ ሂጂ» አሉ።

ሄደች። ሻሿን አወለቁላት፤ ፀሐዩ ግንባሯ ላይ አረፈ። ካርታ ታደለ። ሁለት ቆቅ። «ጣልኩ» አለች። ታደለ። «ጣልኩ።» ታደለ። «ጣልኩ።» ፀሐዩ ከግንባሯ ወደ አገጯ ወረደ፤ እሷ ስትጥል ነው የዋለችው። ታዳሚው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በመጨረሻ ሰልችቶት ምሳውን መብላት ጀመረ። ሽባባው ከመደቡ ላይ ሆኖ አፈረ፤ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ጠጠሯ አንድ በአንድ እየተመነመነ ሄደ። ሰው መሆን አለና በዚያ ሰዓት «ምን አባቱ!» ብሎ በሁለት ቆቅ መግባት ይመጣል፤ ማንንም ያስገባ ነበር። አንጓችን አላስገባትም። ሰውን ጀግና የሚያሰኘው ጉልበት ካለ፣ ያ እዚያ ወንበር ላይ ታየ።

ከሰዓት በኋላ ሦስት አንበሳ መጣላት። ፊቷ እንደ ጠዋቱ ነው። ትንሽ ጨመረች። ወንዳፍራሽ አያት፤ ምንም አላነበበባትም።

«ፈርታለች፣ ጌታዬ።»

«ጨመርኩ!» አለ መጋረጃው። በጓንት የታሸገ እጅ አንድ ክምር ጠጠር ገፋ።

«ይገለጥ» አለች አንጓች።

መጋረጃው አንድ ጦጣና የተለያየ ግሳንግስ ነበር የያዘው። ያን በጋ የታችኛው ሸለቆ በርበሬ ቀላ፤ ሽንኩርቱም እንደ ልጅ ጭንቅላት አበጠ። ሽባባው «እህቴ ናት» እያለ በየጠላ ቤቱ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ዓመቱ ዓመትን እየወለደ ሄደ። አንጓች ሥራዋ ይሄው ሆነ። ሌሎች ሸለቆዎችም መጥተው «ለእኛም ተቀመጪልን» ይሏት ጀመር፤ እሷም ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ ለያንዳንዱ በቅድሚያ የምትነግረው ነገር ግን አንድ ነው፤ «ውሃችሁ ሊበላ ይችላል።» ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ ነበሩ። በክረምት ቤቷን ዘግታ ካርታ እያደለች ለራሷ ትጫወታለች፤ የቱ አውሬ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ምን ቢጣል ምን እንደሚቀር ታጠናለች። በመኸር ደግሞ ትሄዳለች፣ ትጥላለች፣ ትጥላለች፣ ከዚያ ትበላለች። «አንጓች ጣይዋ» አሏት። ስድቡ ቀስ እያለ ማዕረግ ሆነ።

ሁልጊዜ አሸነፈች ብዬ አልዋሽም። አንድ ዓመት ሦስት አንበሳ ከሁለት ነብር ጋር ይዛ ሸለቆውን ሁሉ በሚያክል ጠጠር «ይገለጥ» አለች። መጋረጃው ሳያስበው አራት ጅብ ታድሎት ኖሯል። ያ በጋ ክፉ ነበር። አባ ደምለው እቤቷ ድረስ መጡና ቆመው ተናገሯት።

«ምን አጠፋን አንጓች? ምን በደልንሽ?»

«አባባ፣ ነገም እንዲያ ያለ ካርታ ቢመጣልኝ እንዲያው ነው የማደርገው። ካርታውን የሚያድለው እግዜር ነው፤ መወሰኑ ብቻ ነው የኔ» አለች።

አባ ደምለው አልገባቸውም። ብዙ ሰው አይገባውም። እሷ ግን የራሷን የመጠጥ ውሃ ለጎረቤቶቿ እያካፈለች በጋውን አለፈችው፤ በሚቀጥለው መኸርም ልቧ ሳይሸሽ፣ እልህም ሳይይዛት፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ተቀምጣ መጥፎውን መጣል ጀመረች። እኔ ይህችን ሴት የማደንቃት ካሸነፈችበት ይልቅ በዚህኛው ቀን ነው።

የዙፋኑ ውሃ እየጎደለ ሄደ። ንጉሡም አንድ ቀን ታዳሚውን አስወጥቶ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ አነጋገራት።

«አንቺ ሴት፣ ወዲህ ተሻገሪ። ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጪና ለኔ ተጫወቺልኝ። የጎደለብሽ ነገር ሁሉ ይሞላልሻል።»

«ንጉሥ ሆይ፣ ከዚያ ወዲያ ሆኜ የማየው የአገሬን ሰው ፊት ነው። እሱን ለመብላት አንጀት የለኝም» አለች።

ንጉሡ በጓንቱ እጅ ወደ በሩ አመለከታት። በማግሥቱ አዋጅ ተነገረ። የታችኛው ሸለቆ በመጪው መኸር አንድ ዙር ብቻ ይጫወታል፤ በመካከል የሚቀመጠው የሸለቆው ውሃ ሁሉ የሚነሳበት እናት ምንጩ ነው። ሸለቆው ከተበላ ምንጩ ለዘለዓለም ይደፈናል። ካሸነፈ ምንጩ የራሱ ይሆናል፤ ዳግመኛም ለጨዋታ አይጠራም። በዚህ ዙር የጣለ እንደተሸነፈ ይቆጠራል፤ ያልመጣም እንዲሁ። እንግዲህ መጥፎውን እየጣለች የምትጠብቀውን ሴት የመጣያውን በር ዘጉባት ማለት ነው። አዋጁን ያረቀቀው ሰው ተሾመ።

ቀኑ ደረሰ። ሸለቆው ከነልጆቹ፣ ከነአሮጊቶቹ መጥቶ ከግቢው ውጪ ተቀመጠ። አባ ደምለው እጇን ይዘው «ያለን ሁሉ በእጅሽ ነው። ብንበላም አንረግምሽም» አሏት። ይህን ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ካርታ ታደለ። አንጓች ከፍታ አየች። አይጥ፣ ጥንቸል፣ ቆቅ፣ ጦጣ፣ ሚዳቋ። አንዱ ካንዱ አይዛመድ።

ፈራች። ከዚህ በፊት በማንም ካርታ እንዲህ ሆና አታውቅም። ከግቢው ውጪ ሕፃናት ሲያለቅሱ ይሰማታል፤ ምንጩ ሲደፈን፣ ሰዉ ዕቃውን ጭኖ ሲሰደድ ታያት። አንገቷን ላብ አጠመቃት። ትንፋሽ ቆጣሪው መቁጠር አቃተው። ከጠረጴዛው ሥር የተጋደመው ሹም ጉልበቷን አይቶ ሊጮህ ምንም አልቀረውም። ያን ሁሉ ዓመት ያሠለጠነችው ፊት ከዳት። ልትመልሰው ሞከረች፤ አልመለስም አለ።

ያኔ አንድ ነገር መጣላት። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ንጉሥ ፊቷን አያይም፤ የሚሰማው የወንዳፍራሽን ቃል ነው። ወንዳፍራሽ ሁልጊዜ «ፈርታለች» ይላል። በዚያ ቃል ታምኖ የገባ ዙፋን ደግሞ ስንት ዓመት በሦስት አንበሳ ተመትቷል። ንጉሡ ከተማረ፣ «ፈርታለች» ማለት ለሱ «ወጥመድ ነው» ማለት ሆኗል። እንግዲያስ ፍርሃቷን መደበቅ ለምን አስፈለጋት? ፊቷን ለቀቀችው። እጇ እንዲንቀጠቀጥ ተወችው።

«ጨመርኩ» አለች፤ ድምጿ ተሰነጠቀ።

«ምን?» አለ መጋረጃው።

«ራሴን። ከተሸነፍኩ እስክሞት ድረስ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ ለእርስዎ እጫወታለሁ።»

ታዳሚው ተንጫጫ። ንጉሡ በጥንቃቄ «በምላሹስ?» አለ።

«መጋረጃውን። ከተሸነፉ ከዛሬ ጀምሮ እንደኛው ፊትዎን ገልጠው፣ ፀሐዩ ላይ ተቀምጠው ይጫወቱ።»

ሦስት ዳኞች ተጠርተው መጋረጃ በውርርድ የሚያዝ ነገር ነው ወይስ አይደለም ብለው ተከራከሩ። አንዱ መጋረጃ የዙፋኑ አካል ነው አለ። ሌላው መጋረጃ መስኮት ላይ ሲሆን ዕቃ፣ ዙፋን ፊት ሲሆን ግን ሐሳብ ነው አለ። ጆሯቸው የማይሰማው ሦስተኛው ዳኛ «ሰው ከተያዘ ጨርቅ የማይያዝበት ምክንያት የለም» አሉና ጸደቀ።

አሁን ምርጫው የንጉሡ ነበር። ከጣለ ያስቀመጠው ምንጭ ይሄዳል፤ ገና ያላስቀመጠው መጋረጃ ግን ይቀራል። ይገለጥ ካለና ከተሸነፈ ምንጩም መጋረጃውም የለም።

«ሊቀ ፊት!» አለ ንጉሡ። «እንዴት ናት?»

ወንዳፍራሽ ጎንበስ ብሎ አያት። ያን ሁሉ ዓመት ያን ፊት አይቷል፤ እንዲህ ሆኖ ግን አይቶት አያውቅም። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ሰውየው ደስ አለው። በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረውን ነገር በዓይኑ እያየው ነበር። ደስታው ግን አፉን አላላው።

«ፈርታለች፣ ጌታዬ! ዛሬስ በእውነት ፈርታለች! በአባቴ አጥንት እምላለሁ!»

«ለምን ማልክ?» አለ ንጉሡ ቀስ ብሎ።

«እ… እውነት ስለሆነ ነው ጌታዬ።»

«ሌላ ጊዜ ሳትምል ነበር የምትነግረኝ። ይህችን ቃል ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ስሰማት ኖሬያለሁ። በዚህች ሴት ላይ በሰማኋት ቁጥር ግን ውሃዬ ወርዷል። ዛሬ ደግሞ መሐላ ጨመርክባት!»

ከመጋረጃው ጀርባ ካርታ ደጋግሞ ሲገላበጥ ተሰማ። ከዚያ የጓንቱ እጅ ወጣና ካርታዎቹን ገልብጦ ወረወራቸው። ሁለት አንበሳ ነበሩበት።

«ጣልኩ» አለ ንጉሡ።

የግቢው በር ላይ የነበሩት ሰምተው ለውጪው ነገሩ፤ እልልታው ግድግዳውን አናወጠው። አንጓች አምስቱን ካርታዎቿን እንደተሸፈኑ ከክምሩ መሃል ከተተቻቸው። ንጉሡ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ነበር ይባላል፤ የጣለ አይጠይቅምና ዋጠው። ንዴቱን ግን በወንዳፍራሽ ላይ አወረደ።

«ሌባ! ዕድሜህን ሙሉ ስትዋሸኝ ኖረሃል። ካባውን አውልቁት! በዚህ አገር ሹመት እንዳያይ!»

ይህን ስትሰማ አንጓች ጥላ መሄድ አልሆነላትም። በዚያ ሰው ውሸት ስንት ዓመት እህል በልታለች፤ ዛሬ ግን በእውነቱ ሊቀጣ ነው። ዞር አለች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ለዛሬውስ አይፍረዱበት። እውነቱን ነው። ፈርቼ ነበር።»

መጋረጃው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ከት ብሎ ሳቀ። «ስሟት! ካርታው ተሰብስቦ እንኳ መጫወት አልተወችም!» ሹማምንቱም አብረው ሳቁ፤ ንጉሥ ሲስቅ መሳቅም በሕጉ ተጽፏል። የወንዳፍራሽ ካባ ወለቀ።

ከውጪ ሸለቆው በእጁ ተሸክሟት ሄደ። አባ ደምለው እያለቀሱ «እንዴት አልፈራሽም ልጄ? እንዴት አልፈራሽም?» ይሏታል።

«ፈርቻለሁ አባባ። ምንም አልያዝኩም ነበር።»

አባ ደምለው ዕንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። «አይ አንጓች! አንቺና ፍርሃት!» ብለው ለጎረቤታቸው ነገሩት፤ እሱም ሳቀ። ሽባባውም ሳቀ። ደግማ ለማስረዳት ሞከረች፤ ዘፈኑ ዋጣት።

ምንጩ ዛሬም የሸለቆው ነው፤ በርበሬውም በየዓመቱ ይቀላል። በዚያ አገር አንጓች ጣይዋ ፍርሃት የሚባል ነገር አታውቅም ነበር ይባላል፤ ልጆች እንዲያ እየተባሉ ያድጋሉ። እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ካባውን ተገፎ የበቅሎዎቹን ዝንብ ይከላከላል። ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ «ያን ቀን እኮ ፈርታ ነበር! በዓይኔ አይቻለሁ!» ይላል። አላፊ አግዳሚውም አንገቱን ነቅንቆ ያልፈዋል።